ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቅድመ አያት ለምትፈልጉ ልጆች

አንዲት ወጣት በወዳጄ ልጅ በኩል ጥያቄ ላከችልኝ። ቅድመ አያቷ አርመን ነበሩ ይባላል። በምኒልክ ዘመን መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ ጫማ ይሰፉ ነበር፤ እዚሁ ሞተው እዚሁ ተቀብረዋል። ቤተሰቡ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ሕግ ላይ ስለሠሩ የድሮ መዝገብ የት እንደሚገኝ አያጡትም ብለውኝ ነው» ትላለች።

በሁለት መስመር ልመልስላት ብዕር አነሳሁ። አልሆነልኝም። ጫማ ሰፊ የሚለው ላይ ስደርስ ሌላ ሰው መጣብኝ። እንግዲህ ለሷም፣ እንደሷ ለምትጠይቁ ልጆችም አንድ ላይ ልጻፍ። ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ዛሬ ዛሬ አርመን ዘር አለን የሚል ልጅ ሁሉ «ቅድመ አያቴ ከአርባ ልጆች አንዱ ነበር» ይለኛል። አርባዎቹ ስንት መቶ እንደሆኑ እንጃ! አርባ ልጆች የሚባሉት ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች ናቸው። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በአርመኖች ገዳም ያገኟቸው፣ ጳጉሜን 1916 አዲስ አበባ የገቡ። አብሯቸው የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። የወንድሙን ልጅ ነርሲስን እኔም በጎረምሳነቴ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መድረክ ላይ አይቼዋለሁ። ምን እንደተጫወቱ ረስቻለሁ፤ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ እጁን ሲያወዛውዝ ነው ትዝ የሚለኝ።

ከነሱ ብዙ ዓመት ቀድመው የመጡ ግን አሉ። ሰርኪስ ተርዚያን ነበር፤ ያንን በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ያሰኘው። ፎቶ አንሺው ቤድሮስ ቦያጂያን ነበር፤ ልጆቹም በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ተተክተውበታል። ወርቅ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ቆዳ ፋቂው ደግሞ ስሙ የትም አልተጻፈም። ዳርማር ጫማን የመሠረቱትም አርመኖች ናቸው፤ በኋላ ተወርሶ አንበሳ ጫማ የሆነው። ቅድመ አያትህ በምኒልክ ጊዜ ከመጣ ከአርባዎቹ ሊሆን አይችልም። ይህን ተቀበልና ፍለጋህን ጀምር።

አሁን ወደ መጣብኝ ሰው ልሂድ።

1966 ነው። እኔ በአንድ የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ቀን የጽሕፈት መኪና እየመታሁ ማታ ሕግ እማራለሁ። ፒያሳ አካባቢ ጫማ ይሰፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሞቱና የውርሱ ጉዳይ ወደ እኛ ቢሮ መጣ። ሰው ሁሉ «ሙሴ» ነው የሚላቸው፤ ስም አይደለም፣ ያኔ የውጭ አገር ሰው እንደ «አቶ» የሚጠራበት ነው። እኔም የማውቃቸው በዚሁ ነበር። ልጅ ሳለሁ አባቴ የመጀመሪያ ጫማዬን ያሰፋልኝ እሳቸው ዘንድ ነው። ወረቀት መሬት ላይ ያነጥፋሉ፣ እግርህን ያስቀምጡብሃል፣ ዙሪያውን በእርሳስ ይስላሉ። እርሳሱ ውስጥ እግር ላይ ሲደርስ ይኮረኩራል። ከሳቅህ «ጠማማ ጫማ ትፈልጋለህ?» ይላሉ። ጠርዙ ላይ በራሳቸው ፊደል አንድ ነገር ይጽፉና ያስቀምጡታል። በዓመቱ እግርህ ሲያድግ አሮጌውን አውጥተው ያስተያዩታል።

የካቲት ላይ የታክሲ ነጂዎች አድማ የመቱበት ሰሞን ነበር። ንብረት ለመመዝገብ ከአለቃዬ ጋር በእግራችን ሄድን። አለቃዬ በመንገዱ ሁሉ ሲያጉረመርም ነበር። እሱ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሲንገር የስፌት መኪና፣ አንድ። የእንጨት ፎርማ፣ በጆንያ። ወስፌ፣ መዶሻ፣ ጉጠት። የብረት አልጋ። የግድግዳ ሰዓት፣ የማይሠራ። ከአልጋው ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ወጣ። ከፈትነው። ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ ማኅተም ያለባቸው ወረቀቶች፣ ከሁሉም ብዙው ደግሞ በእርሳስ የተሣለ እግር። የከተማው ሰው እግር ግማሹ እዚያ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ሚኒስትሩም ዘበኛውም ያው ወረቀት ላይ እግር ነው። የአባቴን እግር ልፈልግ ጥቂት አገላበጥኩ። ስሞቹ በአርመን ፊደል ናቸው፤ ከየት አውቄ። አለቃዬ «ጻፍ» አለኝ። «ልዩ ልዩ ወረቀት፣ ዋጋ የሌለው።» ጻፍኩ።

በሕግ ዓይን ትክክል ነበር። የሽያጭ ዋጋ አልነበረውም። ዛሬም ብጠየቅ ጥፋቱ የኔ ነው አልልም፤ ጸሐፊ የተባለውን ነው የሚጽፈው። ነገር ግን ከስንት ሺህ ገጽ መሐል ያቺ መስመር አልወጣልኝ ብላ ቀረች።

ሙሴ ሚስት ነበራቸው። ሚስት የምለው እኔ ነኝ፤ ሕጉ አላላትም። ከመንዝ በልጅነቷ ሥራ ፍለጋ በእግሯ የመጣች ሴት ናት። እኔ ሳውቃት አሮጊት ነበረች፤ እማማ እንላታለን። ከሙሴ ጋር ሃምሳ ዓመት ያህል ኖራለች። ክር በሰም የምታሸው እሷ፣ ቆዳ የምትዘፈዝፈው እሷ፣ ዱቤ የምትሰበስበው እሷ። አልተፈራረሙም። ልጅም አልወለዱም።

ለፋይሉ የማስፈርማት ነገር ስለነበር አንድ ከሰዓት ብቻዬን ሄድኩ። ቡና አፈላች። ከዚያ ትነግረኝ ጀመር።

ሙሴ የመጡት 1900 ገደማ፣ ጢማቸው ገና ሳያበቅል፣ ከአራብጊር ነው። አራብጊር ያኔ በኦቶማን ቱርክ ግዛት ያለች ከተማ ናት፤ ከዚያች ከተማ እዚህ የመጡ አርመኖች ብዙ ናቸው። ባቡሩ ያኔ ድሬዳዋ ላይ ቆሟል፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከድሬዳዋ ወዲህ ከነጋዴ ጋር በበቅሎ። አንድ አርመን ወርቅ ሠሪ የሱቁን ጥግ ሰጣቸው። አማርኛ ያስተማሯቸው የሰፈር ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ ያስተማሯቸው ደግሞ ስድብ ነው። እማማ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች።

ወደ አገራቸው ይጽፉ ነበር። መልስ ይመጣል። 1907 ላይ ቆመ። ጦርነት ነው፣ መንገድ ተዘግቶ ነው እያሉ ጠበቁ። በአውሮፓውያኑ 1915 አርመኖች ላይ የደረሰውን ጭፍጨፋ እናንተ በስልካችሁ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ታነቡታላችሁ። ሙሴ ግን ያወቁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በኢየሩሳሌም ዞሮ በመጣ አንድ ደብዳቤ ነው። እናት የለችም፣ አባት የለም፣ ወንድሞች የሉም። ከእህታቸው አንድ ልጅ ቤይሩት የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ተገኝቷል። በቃ።

«እኔ መርዶ ተቀመጥኩለት» አለችኝ እማማ። «እሱ እንዴት እንደሚለቀስ አላወቀም። ዝም አለ። እኔ ንፍሮ ቀቅዬ ጎረቤት ጠራሁ። ማን ነው የሞተው ሲሉኝ ሁሉም ነው አልኳቸው።»

ገናን በዚያ ቤት ሁለቴ ያከብሩ ነበር። የአርመኖቹ ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ የእኛ በማግስቱ። በ28 እሷ ነጠላዋን ለብሳ ከሳቸው ጋር አርመን ቤተ ክርስቲያን ትቆማለች፤ በ29 እሳቸው ጊዮርጊስ ደጅ ይቆማሉ። የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ሃይማኖት አንድ ስለሆነ ማንም አላስቸገራቸውም። «ጾሙን ግን የኔን ነው የጾመው» አለች። «የሱ አይከብድም ብዬው።»

እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ማታ ትምህርት አለኝ። ለፋይሉ የሚያስፈልገኝ ሦስት ነገር ነው፦ ጋብቻ አለ ወይ፣ ልጅ አለ ወይ፣ ዘመድ አለ ወይ። እማማ «ከመርከቡ እንዴት እንደወረደ ልንገርህ?» ስትለኝ «ለፋይሉ አያስፈልግም እማማ» አልኩና ቀለሙን አቀረብኩላት። አሻራዋን አኖረች። ቡናው ሁለተኛ ላይ ነበር፤ በረካ ሳልጠጣ ወጣሁ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አብሮ መኖርን እንደ ጋብቻ አይቆጥርም ነበር። የጋራ ሀብት የለም፣ ውርስ የለም። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው ይላል። እማማ በዚህ ሕግ ብትዳኝ ግማሹ የሷ ነበር። ያኔ ግን ፍርድ ቤት ወራሽ ያለው የቤይሩቱን የእህት ልጅ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። አጎቱን አይቷቸው አያውቅም። በፈረንሳይኛ ጨዋ ደብዳቤ ጻፈ፦ ዕቃው ይሸጥ፣ ገንዘቡ ይላክልኝ፣ ወረቀቱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።

እማማ ቢሮ መጣች። ሣጥኑን ስጡኝ አለች። ምንም ሌላ አልጠየቀችም። አለቃዬ «ማንበብ ትችያለሽ?» አላት። «አልችልም።» «ታዲያ ምን ያደርግልሻል?» የወራሽ ንብረት ነው፣ ሲዘጋ እናያለን ተብላ ተሸኘች። ሁለተኛ አልመጣችም። የኪራይ ቤቱን አስለቅቀዋት ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አላገኘሁም። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ዓመት ከምናምን ቆይታ ቢሆን ኖሮ ቤቱ የመንግሥት ሆኖ፣ ኪራዩ ተቀንሶላት እዚያው ትኖር ነበር። ይኼ አዋጅ የስንቱን ቤት እንደበላ አውቃለሁ፤ ስለሱ ጥሩ ነገር ስናገር ወዳጆቼ ይቆጣሉ። ስለሷ ሳስብ ግን እንደዚያ ይመጣብኛል።

ቢሮው ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። የጓዳው ወረቀት በኪሎ ለባለሱቅ ተሸጠ። የሙሴ ሣጥን ውስጥ የነበረውም አብሮ ሄደ። ያን ክረምት ስንቱ ሰው በማን እግር ስኳርና ለውዝ እንደተጠቀለለለት እግዜር ይወቅ።

ወደ እናንተ ልመለስ።

የምትጠይቁኝ ልጆች ሁሉ አንድ የጋራ ጸባይ አላችሁ። የምትፈልጉት ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ነው። አርመኑን፣ ግሪኩን፣ የመኑን፣ ሕንዱን። አንዳንዶቻችሁ ለፓስፖርት ነው፤ አልፈርድም፣ ጊዜው ነው። አንዳንዶቻችሁ ምራቃችሁን በጠርሙስ ወደ ውጭ ልካችሁ በመቶኛ ተሰልቶ ይመጣላችኋል። በመቶኛው ትኮራላችሁ። የዚያችን ወጣት ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ቅድመ አያቷ ማንን እንዳገቡ አንድም ቃል የለበትም። ከማን ተወለድሽ ታዲያ?

ከአራብጊር ድሬዳዋ ድረስ የመጣው ልጅ ፈር ቀዳጅ ይባላል። ይባል፤ ይገባዋል። ከመንዝ ማንንም ወደማታውቅበት ከተማ በባዶ እግሯ የወረደችው ልጅስ? እሷም ስደተኛ ናት። አዲስ አበባ ያኔ ለሁለቱም እኩል ባዕድ ነበረች። እሱ ግን ፎቶ ተነሣ፤ እሷ ከፎቶው ጀርባ ቡና ታፈላለች። ታሪኩን በአንደበቷ የያዘችው እሷ ነበረች። የሳጥኑን ወረቀት ሁሉ ብናነበው እንኳ ንፍሮውን አናገኘውም ነበር።

ስለዚህ ወረቀት አታምልኩ እላለሁ። ይህን ስል ደግሞ ያ ሣጥን ዛሬ ይሸጣል ቢሉኝ ጡረታዬን አስይዤ እገዛዋለሁ። ሰው እንዲህ ነው፤ አትከራከሩኝ።

ሽማግሌ ጠይቁ፣ ድምፅ ቅረጹ ምናምን የሚለውን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። አለማድረጋችሁ ሌላ ጉዳይ ነው። የማታውቁትን ልንገራችሁ።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። በእኛ መዝገብ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይጻፍም። ፋይሉ ላይ የምታገኙት «ሙሴ እገሌ» ብቻ ሊሆን ይችላል። ኬቮርክ የተባለው ጊዮርጊስ ተብሎ፣ ሃጎፕ ያዕቆብ ተብሎ ይጻፋል። በሁሉም ፈልጉ። ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው፤ እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ዓመተ ምሕረቱን አትመኑ። ቤተሰብ ሲናገር በእኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ኤምባሲው በአውሮፓ ይጽፋሉ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሞተባቸው ቤተሰቦች ገጥመውኛል፤ ሲመረመር አንዱ በዚህ አቆጣጠር፣ አንዱ በዚያ ነው።

ዜግነት ላይ ደግሞ «የቱርክ ዜጋ ነበር» በሚል አትቸኩሉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ አርመን አገር አልባ ነው። ከ1916 ጀምሮ ናንሰን ፓስፖርት የሚባል የስደተኛ ወረቀት ለአርመኖችም መሰጠት ጀምሯል። በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ሆነው እዚህ የኖሩም ነበሩ። በሐምሌ 1922 የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ ደግሞ አምስት ዓመት የኖረና አማርኛ የሚያውቅ ሰው ዜግነት እንዲጠይቅ ፈቅዷል። ሽማግሌያችሁ ኢትዮጵያዊ ሆነው ሞተው ይሆናል፤ ፈረንጅ መዝገብ ውስጥ ስትፈልጓቸው የምትከርሙት ለዚህ ነው።

መቃብሩን ሄዳችሁ እዩ። ጉለሌ የውጭ አገር ሰዎች መቃብር አለ። ድንጋዩ ላይ ያለውን ፊደል ባታውቁትም በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሡት። ማንበብ የሚችል ሰው እዚህም አለ፣ ግን እያለቀ ነው። በአንድ ወቅት ከሺህ በላይ የነበሩት የአዲስ አበባ አርመኖች ዛሬ መቶ አይሞሉም ይባላል። በትሕትና ጠይቁ። እነሱ ማንነታችሁን ለማጽደቅ የተቀመጡ ጽሕፈት ቤት አይደሉም። ባለፈው አንዱ ጎረምሳ አንዲትን አሮጊት አርመን ካሜራ ደቅኖባት «ስለ ጭፍጨፋው ምን ይሰማዎታል?» ሲላት አየሁ። አፈርኩ። እሱ ግን አላፈረም፤ ለጥፎት ብዙ ሰው ወዶለታል።

ሴቲቱን ለማግኘት ደግሞ ዕድር ጋ ሂዱ። ይህን ማንም አይነግራችሁም። ማዘጋጃ ቤት የማያውቃት ሴት በዕድር መዝገብ አለች፤ በስሟ፣ በወር መዋጮዋ፣ በቤቷ ከደረሰው ሞት ጋር። ሙሴ ሲቀበሩ ቄሱ አርመን ነበሩ፤ ድንኳኑን የተከለው ግን የእማማ ዕድር ነው። ዕድሩ ዛሬም ካለ ጸሐፊውን በእሑድ፣ ከስብሰባ በኋላ አግኙት፤ አሮጌው መዝገብ ያለው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ስለሆነ ቁልፍ ያዡም መገኘት አለበት። ዕድሩ ሰፈሩ ሲፈርስ ከተበተነ ደግሞ የመጨረሻውን ጸሐፊ ልጆች ፈልጉ። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። መዝገቡን ሳይጥሉት አልቀሩም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ የዕድር ገንዘብ የተጻፈበትን ወረቀት ሰው ይፈራዋል፣ ቶሎ አይጥለውም።